የአቧራው መቀነት ከወዴት መጣ

የልጅ ልጄ አስካለ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ ይበዛ ነበር። እሷ የምትማረው ስለ ሰማይ ነው። እኔ ደግሞ ዳዊት ከደገምሁ ወዲህ ፊደል ያለበት ነገር እምብዛም አልገለጥሁም። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስንሞቅ አንዱን መጽሐፍ ከፍታ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። በጥቁሩ ገጽ መሐል የእንቁላል አስኳል የመሰለ ድቡልቡል ብርሃን ይታያል። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር፣ ልክ ወገቡ ላይ፣ ጥቁር መቀነት ታጥቋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት።

«የከዋክብት አገር ነው አባባ። ያ ሁሉ ብርሃን ኮከብ ነው፤ ከርቀቱ የተነሣ አንድ ላይ የተጣበቀ መስሎ ታየዎ እንጂ ለየብቻው ነው።»

«ጥቁሩስ?»

«አቧራ ነው።»

መጽሐፉን አንሥቼ መለስሁላት። ሳቀች። እውነቱን ለመናገር እኔ አቧራ እፈራለሁ። ሰው ጅብ ይፈራል፣ ጎርፍ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል። እኔ የምፈራው ከሩቅ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አቧራ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም አውቶቡሱ ከገሳይ ሲመጣ፣ ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ፣ አቧራውን ሳይ እነሣለሁ። ወደ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ጎረቤቶቼ አቧራ ሳል የሚቀሰቅስብኝ ይመስላቸዋል፤ እኔም አዎ ሳል ነው እላቸዋለሁ።

አስካለ ነገሩን ቀስ ብላ ታስረዳኝ ጀመር። የእኛ የከዋክብት አገር እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው አለች፤ አቧራው ብዙ ነው፣ ከዚያው አቧራ ውስጥም አዳዲስ ኮከብ ይወለዳል። እነዚህ እንቁላል የሚመስሉት ግን ያረጁ ናቸው። ከዋክብታቸው ቀላ ቀላ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፣ መውለዱን ትተውታል፣ አቧራም እምብዛም አይገኝባቸውም። «አንቱን ይመስላሉ፤ ጸድተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ዝም ብለው የተቀመጡ» አለችኝ። ይህን ስትል እኔም ሳቅሁ።

«እንግዲያ ይህ አቧራ ከወዴት መጣ?»

«ሊቃውንቱም የሚከራከሩት በዚሁ ነው። አንዳንዶቹ ከውጭ የመጣ ነው ይላሉ። ትልቁ አገር አጠገቡ የነበረውን ትንሽ አገር ዋጠው፤ ከዋክብቱ ተቀላቅለው ጠፉ፣ አቧራው ግን ወገቡ ላይ ቀረ። ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ የራሱ ነው ይላሉ። ኮከብ ሲያረጅ እንደ ምድጃ አመድ ያራግፋል፤ እሱ ተጠራቅሞ ነው ይላሉ።»

«በምን ይለዩታል?»

«በአካሄዱ። አቧራው ከከዋክብቱ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ የቤቱ ሊሆን ይችላል። እነሱ ወዲህ ሲዞሩ እሱ ወዲያ ከዞረ፣ ወይም አግድም ካቋረጣቸው፣ ከሌላ የመጣ እንግዳ ነው።»

«እኛም እንደዚያ ነበር የምንለየው» አልሁ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እሷም መጽሐፏን አጥፋ ወደ እኔ ዞረች።

ጣሊያን አገራችን ውስጥ በነበረበት ዘመን ነው። ስንተኛው ዓመት እንደሆነ አሁን ተምታቶብኛል፤ የሻረግን ካገባሁ በኋላ እንደሆነ ብቻ አልረሳም፤ ምክንያቱም የሠርጓ ቀሚስ ገና አላረጀም ነበር። ያን ቀሚስ ደብረ ታቦር ነው የገዛሁት፤ ከገበያው ጥግ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ አንድ ዓረብ ሱቅ ነበረው። በአንድ ጠገራ ብር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ አቡጀዴ ከነመቀነቱ ይወጣ ነበር። በኋላ ጣሊያኖቹ የራሳቸውን ወረቀት ብር አመጡ፤ የገጠር ሰው ግን ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ይህ ቢርስ?» ይልና ይመልሰዋል። አሞሌ ጨው እንደ ልጅ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የሚያዘው። ከዚያው ወይራ ማዶ የወታደሮቹ መጠጥ ቤት ነበረ፤ ሸክላ ያዘፍኑበታል። ቋንቋውን አናውቀው፣ ዜማው ግን ሆድ ያባባል። እህል ሸጠን ስንመለስ እዚያ ጋ ስንደርስ እግራችን ይዘገያል፤ ደግሞ ማን እንደሆኑ ትዝ ይለንና በፍጥነት እናልፋለን። የጣሉት ጣሳ ሁሉ መለኪያና ዋንጫ ሆኗል። እኔም ጠላ የምጠጣው በእነሱ ጣሳ ነበር፤ ቢታጠብ ቢታጠብ የዓሣ ሽታው አይለቅም።

እና መንገዱ። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ የሚሄደውን የበቅሎ መንገድ አሰፉት፤ ነጭ ድንጋይ ፈጭተው አፈሰሱበት፣ በከባድ ብረት ደለደሉት። እኛ ከመንገዱ በላይ፣ ወደ ጉና ተራራ አናት በሚያስወጣው ተረተር ላይ ነበርን። መኪና የመጣ እንደሆነ አቧራው ከድምፁ በፊት ይታየናል። መኪና ደግሞ ለመልካም አይመጣም። ከማዶ ያለው ጎጥ አርበኛ አሳድራችኋል ተብሎ ሲቃጠል የጣራው ሣር እየነደደ ሲበር እኛ ድረስ መጥቷል። እንግዲያውስ አንዱ ሰው ሁልጊዜ ከተረተሩ ጫፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠብቅ ተባለ። ጠባቂው ጋቢውን አውልቆ ካውለበለበ ሁሉም ከብቱንና ልጁን ይዞ ወደ ጉና ዋሻ ይሸሻል።

ፍርሃት አስተማሪ ነውና አቧራ ማንበብ ተማርን። የበግ አቧራ መሬት ለመሬት ይሳባል። የነጋዴ በቅሎ አቧራ ቁርጥ ቁርጥ ነው። የአውድማችን እብቅ ቢጫ ነው፤ ወደ ላይ ይነሣል፣ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። የመኪና አቧራ ግን ነጭ ነው፤ እንደ ገመድ ረጅም ነው፣ ነፋሱን አይጠይቅም። ነፋስ ወዲያ እየነፈሰ እሱ ወዲህ ይመጣል። ይህን ጊዜ ነው ሽሹ የሚባለው።

አስካለ «ልክ እንደነሱ» አለች፤ ከዋክብቱን ማለቷ ነው። ሌላም ነገር ነገረችኝ። እነዚያ ያረጁ አገሮች ውስጥ ያለው አየር እጅግ ግለት ስላለው አቧራውን ቶሎ ፈጭቶ ይጨርሰዋል አለች። ስለዚህ እዚያ አቧራ ከታየ ቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፣ ወይም አሁንም እየመጣ ነው። «አሁንም እየመጣ ነው» ስትል ወደ መንገዱ አየሁ። ምንም አልነበረም።

የዚያን ዓመት ጥር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ዘነበ። ክምሩ ሁሉ ራሰ፣ አውድማው ጭቃ ሆነ። የሻረግ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን፣ ሴት ልጅ፣ ከተገላገለች ገና ሳምንት አልሞላትም። አራስ ከቤት አትወጣም፤ ብቻዋንም አትተውም። ክፉ መንፈስ እንዳይነካት ከራስጌዋ ማጭድ ተቀምጧል፤ እሳቱ ሌት ተቀን አይጠፋም። እናቷ፣ እናና የምንላቸው፣ ከታችኛው ጎጥ መጥተው ያርሷት ነበር። እሳቸው ከሁለት ልጆች በቀር የላቸውም፤ አንዷ የሻረግ፣ ሌላው እዚያው ታች ከመንገዱ ዳር የሚያርሰው ታከለ።

ረፋድ ላይ ነው። ጠባቂው አያ ባይለየኝ የሚባሉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጋቢያቸውን ሲያውለበልቡ አየሁ። ደግሞ ተዉት፤ ደግሞ አውለበለቡ። ያን ዓይነት ነገር አይተን አናውቅም። እየሮጥሁ ወጣሁ።

«አያ፣ ምንድን ነው?»

«ና አንተው እየው። ይህ ዓይኔ ስንት ዘመን አብሮኝ ኖሮ ዛሬ ካደኝ።»

መንገዱ ላይ አቧራ ተዘርግቷል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ቀለሙ ግን ቢጫ ነው።

«እብቅ ነው አያ። የቤታችን ነው» አልሁ።

«አካሄዱን እይ እንጂ! ነፋሱ ወዲያ ወደ እብናት ነው የሚነፍሰው፣ እሱ ወዲህ ነው የሚመጣው። እብቅ ነፋስ ጥሶ ሲሄድ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም።»

እያየነው ቆመ። ከዚያ ዞረና በመጣበት ተመለሰ። ደግሞ ዞረ።

«መኪና እንዲህ ይመላለሳል?» አልሁ።

«ቦታ እየመረጡ ይሆናላ። ግድ የለህም እንሽሽ። ካልሆነም ሮጠን፣ ተሟሙቀን እንመለሳለን፤ ምን ጎደለብህ?»

«አያ፣ የሻረግ አራስ ናት እኮ!»

ወደ ቤቴ ተመለከቱ። ረስተውት ነው። ጋቢያቸውን ከእጃቸው አልለቀቁም፤ አያውለበልቡትም፣ አይለብሱትም። ከታች ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ የእሳቸውን እጅ ያያል። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው አውለበለቡት።

ቤት ስገባ እናና ከበሩ ላይ ቆመዋል።

«አራስ ከቤት አትወጣም!» አሉ። «በዚህ ብርድ ጉና ላይ አውጥተህ ልትገድልብኝ ነው? ሕፃኗስ? ክርስትና ሳትነሣ እዚያ ብትቀርብኝ የት ነው የምቀብራት? ቤተ ክርስቲያን ያስገቡልኛል?»

«ቤቱን ቢያቃጥሉትስ እናና?»

እናና ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። እሳቱ ይንቦገቦጋል። መልሱን የሰጠችው የሻረግ ናት። ከመደቡ ላይ ተነሥታ ማጭዱን ከራስጌዋ አነሣችና ለእናቷ ዘረጋችላቸው።

«እናና፣ ይህን ይዘው ከፊቴ ይሂዱልኝ። ብረቱ ካልተለየኝ ምንም አልሆንም» አለች።

በቡልኮ ጠቅልዬ አዘልኋት። እናና ሕፃኗን ከጋቢያቸው ሥር ከደረታቸው አስጠግተው፣ በሌላው እጃቸው ማጭዱን ወደፊት ቀስረው፣ ጦር እንደያዘ ሰው ከፊት ከፊታችን ወጡ። ያን ዳገት በደህናው ቀን ስወጣው እደክም ነበር። የዚያን ዕለት ድካሙን አላስታውስም። የማስታውሰው የሻረግ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ መሞቁን ነው፤ በቀዘቀዘ ቁጥር እጠራታለሁ፣ «አለሁ» ትለኛለች።

ዋሻው ከአስታው ዛፍ ዱር በላይ ነው፤ ከደጁ ጅብራ፣ ያ ሰው የሚያህለው የደጋ ተክል፣ ቆሟል። እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ጭሱ ያሳብቃል። ሰዉ ከብቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ። ወዲያው ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ያ ድምፅ ዋሻው ውስጥ እንዴት እንደሚያስተጋባ አሁንም ይሰማኛል። አንድ ጎረቤታችን በሹክሹክታ ተቆጣ።

«አፏን ያዙልን! በአንዲት ልጅ ሁላችን እንለቅ?»

«ያንተን አፍ ያዝ» አሉት እናና። «እሷስ ርቧት ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው የምታለቅስ?»

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሰው ሁሉ አፉን በጋቢው እየያዘ ሳቀ። የሻረግ ጡት ሰጠቻት፤ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ጋቢውን ገለጥ እያደረግሁ አያታለሁ፣ ብርድ ይገባባታል ብዬ መልሼ እሸፍናታለሁ።

እንዲህ እንዳለን ነፋሱ ጋብ አለ። ከታች ከአቧራው ውስጥ ድምፅ መጣ፤ ዘፈን ነው። በሬ ሲያበራዩ የሚዘፈነው የአውድማ ዘፈን!

እናና ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡና «ታከለ ነው! ያ ጎርናና ድምፅ የማን ሊሆን ነው፣ የኔው ታከለ ነው!» አሉ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። የታችኛው ጎጥ ሰው አውድማው ጭቃ ሲሆንበት፣ ገብሱ በቅሎ ሳይበላሽበት የጣሊያኑ መንገድ ላይ አሰጣው። ድንጋይ ነው፣ ዝናቡ አላበላሸውም፣ በእበት መለቅለቅ አይፈልግ፣ ደልዳላ ነው። መኪና ካለፈ ሰንብቷልና ዛሬም አይመጣም ብለው ነው። አውድማ ክብ ስለሆነ በሬው ይዞራል፤ መንገድ ግን ረጅም ነው፣ በሬው ሄዶ ይመለሳል። አቧራው ነፋስ የጣሰው ለዚህ ነበር። እብቁ የእኛው፣ አካሄዱ የመንገዱ።

«አያ፣ በሬ አባረረዎ!» አላቸው አንዱ አያ ባይለየኝን።

«እናንተስ በማን እግር ነው የሮጣችሁት?» አሉ፤ ሳቁ ግን ከሁሉ የበዛው የእሳቸው ነበር። ሰዉ ከብቱን ለመመለስ ተነሣ፤ እኔም ቡልኮውን አጠበቅሁ።

የሻረግ ግን ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ተጋድማ ነበርና፣ «ሁለት ሆነ» አለች።

«ምኑ?»

«አቧራው።»

ከደብረ ታቦር በኩል፣ ከቢጫው ኋላ፣ ነጭ መጥቷል። ቀጭን ነው፣ አይዞርም፣ አይመለስም። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ከታች ያሉት በራሳቸው እብቅ ተሸፍነው ምንም አይታያቸውም፤ እየዘፈኑ ነው።

መጮህ ነበረብን። ከተጮኸ ግን መኪና ውስጥ ያሉት ይሰማሉ፣ ዋሻው ይታወቃል ብለን አሰብን። ያ ጎረቤታችን «የጮኸ ሰው ሁላችንን ገደለ!» አለ፤ አሁን የሳቀበት የለም። እናናን አየኋቸው። ወንድ ልጃቸው ከታች ነው፣ ሴት ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ከእግራቸው ሥር ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ወደ መንገዱ ያያሉ፣ ወደ ሕፃኗ ያያሉ። በዕድሜዬ ብዙ የፈራ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም፣ ደግሞም አያሳየኝ።

የሻረግ ሕፃኗን ለእኔ ሰጠችኝና በጉልበቷ ተነሣች። «እሪ!» አለች። «ታከለ! እሪ በሉ!»

የአራስ ድምፅ ደጅ አይሰማም ይባል ነበር። የዚያን ዕለት ጉና ሰማው። እናና ቀጠሉ፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከዚያ እኛ፣ በመጨረሻ ያ ጎረቤታችንም። ከታች ዘፈኑ ተቋረጠ። በሬዎቹ ከመንገዱ ወጥተው ወደ ገደሉ ሲበተኑ ታየን፤ ሰዎቹም ተከተሉ። ቢጫው አቧራ ወደ ላይ ተነሣና ነፋሱ ወደ እብናት ወሰደው። ነጩ ግን ቀጥ ብሎ መጣ።

መኪኖቹ ገብሱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወታደሮች ወረዱ። ከመካከላቸው አንዱ ወገቡን ይዞ ቀና ብሎ ወደ ጉና ተመለከተ። መሬት ላይ ተደፋን። ሕፃኗን ከሆዴ ሥር አድርጌ በክርኖቼ ተደግፌላት ነበር፤ ልቤ ሲመታ ጀርባዋ ላይ ይመታ ነበር። ያ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። ለእኔ ግን ከዚያ ወዲህ የኖርሁትን ዕድሜ ያህል ቆሟል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ገለባውን በጫማው ገፋ አደረገና ወደ መኪናው ወጣ። በገብሱ ላይ ሄዱበት፤ ወደ ገሳይ አለፉ።

አልሰሙንም ነበር። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ወደ ጎንደር ለመጀመሪያ ጊዜ በጭነት መኪና ስሳፈር ነው የገባኝ፤ ሞተሩ ሲጮህ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የሚለኝ እንኳ አልሰማ አለኝ። ብቻዬን እስቅ ጀመር። ሰውየው «ምን አሳቀህ?» ብሎ ፊቴን ሲያይ እንባ ነበር።

ከዋሻው ወርደን ቤታችንን እንዳለ አገኘነው፤ እሳቱ ብቻ ጠፍቷል። ፍርሃቱ ግን አብሮን ወረደ። ሕፃኗን ጉንፋን ያዛት፤ ደረቷ ያፏጫል፣ ጡት ትይዝና ትተዋለች። የነፍስ አባታችን መጥተው አይተዋት «ከባሰባት በማንኛውም ሰዓት ጥሩኝ፣ ቀኑን ሳልጠብቅ አጠምቃታለሁ» ብለው ሄዱ። ቀን እናና፣ ማታ እኔ፣ ተራ ገብተን ደረቷን ስናይ ሰነበትን። ውጭ አቧራ የሚጠብቅ አለ፣ ውስጥ ትንፋሽ የሚጠብቅ አለ። ቀስ በቀስ ማፏጨቱ ተወት አደረጋት፤ ጡቱንም ደህና አድርጋ ያዘች። ቀኗን ሞልታ ክርስትና ተነሣች።

አስካለ መጽሐፏን መልሳ ከፈተች። «አንዳንድ ሊቃውንት የሁለቱም ነው ይላሉ አባባ፤ የራሱም ከውጭ የመጣውም ተቀላቅሎ» አለችኝ። «ከተቀላቀለ በኋላ መለየት ይቸግራል።»

ይቸግራል። የታችኛው ጎጥ ሰው ያን ገብስ ከመንገዱ ላይ በመጥረጊያ ለቅሞ ነበር። ጎማው የፈጨው ነጭ ድንጋይ ከእህሉ ጋር ተደባልቋል፤ ቢያዘሩት እንደ ፍሬው ስለሚከብድ ነፋስ አይወስደውም፣ ቢያጥቡት ከሥር ይቀራል፣ ሴቶቹ ቢለቅሙት ቢለቅሙት አያልቅም። ሌላ እህል ግን የለም። ለክርስትናው ታከለ ከዚያው ገብስ አንድ ስልቻ ተሸክሞ መጣ፤ ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ።

ከቤታችን ደጅ ተቀምጠን ዳቦው ተቆረሰ። የመጀመሪያውን እንደጎረስን ከየሰው ጥርስ ሥር ቅጭ አለ። ማኘኩን ሁሉም አቆመ። ያ ጎረቤታችን ሊተፋ ፊቱን ዞር አደረገ።

«አትትፋው» አለው ታከለ።

«ድንጋይ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። መሬት ላይ ከወደቀ ነገ ነፋስ ያነሣዋል። ደግሞ እሱን አይተን ልንሮጥ ነው?»

የሳቀ የለም። የሻረግ ሕፃኗን እንደታቀፈች ወደ እናቷ አየች። እናና ቀድመው ዋጡ። ከዚያ ሁላችንም ዋጥን።